እጀታ ያለው የብረት ክብና ሦስት ምላስ ያለው የናስ ዕቃ፦ ለምን ሥራ የተበጁ ናቸው?

ጥያቄ፦ የሣጥኑ ወራሽ

በውርስ በደረሰኝ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ያሉትን መሮዎች፣ ሞረዶች፣ ጉጠቶችና የመጋዝ ስለቶች ያለ ችግር ለይቻለሁ። ሁለት ዕቃዎች ግን ምን እንደሆኑ ላውቅ አልቻልኩም፤ ስለዚህ የጥንት መሣሪያዎችን የምታውቁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው ከብረት የተሠራ ስስ ክብ ሳሕን ሲሆን፣ መሃሉን በሚያልፍ አጭር ዘንግ ላይ ተሰክቶ፣ ጫፉ ለሁለት በተከፈለ እጀታ መካከል በቀላሉ ይሽከረከራል። በሳሕኑ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ወደ ጠርዙ ተጠግተው ዙሪያውን የተቀረጹ ጭረቶች ይታያሉ። ከመሃሉ ተነሥቶ ጭረቶቹ ድረስ የሚዘልቅ ቀጭን ጠቋሚም አለው፤ ጠቋሚውን በጣት ገፍቶ ወደተፈለገው ጭረት ማምጣት ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ከቦታው ሳይናወጥ ከሳሕኑ ጋር አብሮ ይዞራል።

ሁለተኛው በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ ጠፍጣፋ የናስ ሽፋን ነው። ከውስጡ እንደ ሰንጢ ተዘርግተው የሚታጠፉ ሦስት የብረት ምላሶች ይወጣሉ። የሚያስገርመው ስለታቸው በምላሱ ርዝመት የተዘረጋ አለመሆኑ ነው፤ በየምላሱ ጫፍ አጠገብ ወደ ጎን ጎልቶ የወጣ ትንሽ የተሳለ ሦስት ማዕዘን ብቻ አለ፣ የሦስቱም መጠን ይለያያል።

ክቡን ያዩ ሰዎች ቆዳ ላይ የስፌት መስመር ማውጫ ነው፣ ወይም ሊጥ መቁረጫ ነው ብለውኛል። ሁለቱም ግምቶች ስለ ጠቋሚው ምንም ስለማይናገሩ አላረኩኝም። በዚሁ አጋጣሚ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ ከሥሩ ጽሑፍ እንዳለ ብፈልግ ጉዳት ይኖረው እንደሆነም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ቆዳ ሰፊ

በሙያዬ በየቀኑ ከምይዛቸው መሣሪያዎች አንዱ የስፌት መስመር ማውጫ ስለሆነ፣ ይህን ግምት ከወዲሁ ብናስወግደው ጥሩ ነው። የስፌት ማውጫ መንኰራኩር ከሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ነገር ሲሆን፣ ጥርሶቹ ያሉት በጠርዙ ላይ ነው፤ ቆዳው ላይ ተጭኖ ሲነዳ መርፌ የሚያልፍባቸውን ነጥቦች በእኩል ርቀት ያትማል። የእርስዎ ዕቃ ጭረቶች በገጹ ላይ ከሆኑ ቆዳውን በፍጹም አይነኩትም፣ የማይነካ ምልክት ደግሞ አያትምም። ሊጥ መቁረጫውም ቢሆን ጠርዙ መሳል አለበት። ስለዚህ የጠርዙን ሁኔታ በጣት ዳስሰው ይንገሩን፤ የተሳለ ነው፣ ጥርስ አለው፣ ወይስ ለስላሳ ነው?

መልስ፦ መዝጋቢ

የሽቦ ብሩሹን እባክዎ አይንኩት። በአሮጌ መሣሪያ ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው የላይኛው ገጽ ነው፤ የሠሪው ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀት ውፍረት ብዙም የማይበልጥ ጥልቀት ስላለው አንድ ጊዜ ከተፈገፈገ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ከማኅተሙ ይልቅ ደግሞ እኔ የምሳሳለት የአጠቃቀም ምልክት ነው። እጅ የነካው ቦታ ይለሰልሳል፣ ከሌላ ብረት ጋር የተፋተገው ያብረቀርቃል፣ በመዶሻ የተመታው ጫፉ ይረግፋል ወይም ይደፈጠጣል፣ ሥራ ላይ ያልዋለው ክፍል ግን የሞረድ ወይም የመዶሻ አሻራውን እንደያዘ ይቆያል። ብዙ ሰው እንግዳ ዕቃ ሲያገኝ «ምን ይመስላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልኩን ብቻ ተከትሎ የሚገኘው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ቅርጽ አሥር ለማይገናኙ ሥራዎች ሊውል ይችላል። መጠየቅ ያለበት የትኛው ክፍል እንዳለቀ፣ የትኛው እንዳላለቀ፣ እጅ የት ላይ ሲያርፍ እንደሚመችና ኃይሉ ወደየት አቅጣጫ እንደሚሄድ ነው።

ለጊዜው የሚከተለውን ያድርጉ። አቧራውን በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ቀጭን ዘይት ያስወግዱ። ከዚያ ክፍሉን አጨልመው ባትሪ መብራት ከጎን፣ ከብረቱ ገጽ ጋር ትይዩ ሊሆን እስኪቃረብ ድረስ ዝቅ አድርገው ያብሩበት፤ ከላይ በወደቀ ብርሃን የማይታይ ጽሑፍ በጥላው ብቻ ጎልቶ ይወጣል። ካልተነበበም ስስ ወረቀት ላዩ ላይ አድርገው የእርሳሱን ጎን በቀስታ ያሻሹበት። ማግኔት አስጠግተው የትኛው ክፍል እንደሚሳብ ይመልከቱ። ከሁሉ በላይ ግን መጠኑን በሚሊ ሜትር ይለኩልን፤ ጭረቶቹንም ይቁጠሩ። በዓይን ግምት የተነገረ መጠን ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሁኖቹ ሁለት ዕቃዎች የሚያሰጉ አይደሉም፤ ነገር ግን ከእንዲህ ዓይነት ሣጥን ሁለቱም ጫፉ የተደፈነ ከባድ የብረት ሲሊንደር፣ የፈንጂ አቀጣጣይ የሚመስል ጠመዝማዛ ናስ፣ ወይም በጨለማ እንዲያበራ ቀለም የተቀባ አሮጌ የሰዓት ገጽ ከወጣ፣ ከመክፈት ወይም ከመፈግፈግ በፊት ለሚመለከተው ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለሰዓት ገጾች ይውል የነበረው የሚያበራ ቀለም ራዲየም የተጨመረበት ነበር፣ የራዲየሙ ጨረርም እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ምላሽ፦ የሣጥኑ ወራሽ

ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ፣ ብሩሹን አስቀምጬዋለሁ። የሳሕኑ ዲያሜትር 194 ሚሊ ሜትር ነው፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጠርዙ ጥርስም ስለትም የለውም፤ ከሌላው ክፍል ይበልጥ ለስላሳ ነው፣ ዝገትም እምብዛም የለበትም። ጭረቶቹ 24 ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል ነው፣ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ረዘም ብሎ ተቀርጿል። በእጀታው ላይ ምንም ጽሑፍ አላገኘሁም።

በሁለተኛው ዕቃ ላይ መብራቱን ከጎን ሳበራ ከምላሶቹ በአንዱ ሥር «ካስት ስቲል» (ቀልጦ የተሠራ አረብ ብረት ማለት ነው) የሚል የእንግሊዝኛ ማኅተም ታየኝ። ምላሶቹ በማግኔት ይሳባሉ፣ ሽፋኑ አይሳብም። ከሦስት ማዕዘኑ ስለት በስተጀርባ ያለው የምላሱ ወፍራም ጠርዝ ላይ ጥቃቅን መደፍጠጦች አሉ፣ የመዶሻ ምት ያህል ግን ጠንካራ አይመስሉም።

መልስ፦ ብረት ቀጥቃጭ

ቁጥሮቹ መልሱን ሰጥተውናል። 194 ሚሊ ሜትርን በ3.1416 ሲያባዙት 609.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ማለት ሳሕኑ አንድ ጊዜ ሲዞር መሬት ላይ 24 ኢንች፣ ማለትም ልክ ሁለት ጫማ ይጓዛል። 24ቱ ጭረቶች እያንዳንዳቸው አንድ ኢንች ናቸው፣ ረዥሙ ጭረት የመነሻው ምልክት ነው። በእጅዎ ያለው የጋሪ ጎማ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ዙሪያ የሚለኩበት መንኰራኩር ነው፤ የእንግሊዝኛ ስሙ ትራቨለር ነው፣ በዚህ ስም ቢፈልጉ ብዙ ሥዕሎች ያገኛሉ።

ለምን እንዳስፈለገ ልግለጽ፣ ምክንያቱም ሥራው ራሱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የእንጨት ጎማ ጠርዝ ከብዙ ቅስት ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ስለሆነ በብረት ቀለበት ካልታሰረ ይበታተናል። ቀለበቱ ከእንጨቱ ዙሪያ ትንሽ አንሶ ይሠራል፤ ከዚያ ዙሪያውን በእሳት ይግላል፣ ሲግል ይሰፋል፣ በሰፋበት ቅጽበት በረዣዥም ጉጠቶች ተይዞ በጎማው ላይ ይወርዳል፣ ወዲያውም ውሃ ይፈስበታል። ብረቱ ቀዝቅዞ ሲኮማተር እያንዳንዱን መጋጠሚያ ወደ መሃል ይጨምቃል፣ ጎማውም ያለ ሙጫ አንድ አካል ይሆናል። መጠኑን ለማየት፣ ዲያሜትሩ 1.2 ሜትር የሆነ ጎማ ዙሪያው 3.77 ሜትር ነው፤ ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ በሚሊዮን 12 ክፍል ያህል ስለሚጨምር፣ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሲጨምር ቀለበቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ያለው ዕድል ይህችው ናት። ቀለበቱ ከሚገባው በላይ ካነሰ ወይ በግለቱም አይገባም፣ ወይ ደግሞ ገብቶ ሲኮማተር የጎማውን ዘንጎች ያጎብጣል፤ ከሚገባው በላይ ከሰፋ እንጨቱ በደረቀ ጊዜ ወልቆ ይወድቃል።

እንግዲህ ቀጥቃጩ የሚያስፈልገው የሁለት ዙሪያዎች ንጽጽር ነው፤ አንዱ የእንጨቱ ውጫዊ ዙሪያ፣ ሌላው የቀለበቱ ውስጣዊ ዙሪያ። ገመድ በዚህ ሥራ ይለጠጣል፣ ቀጥ ያለ መለኪያ ደግሞ በቅስት ውስጥ አይታጠፍም። ስለዚህ በእንጨቱ ላይ በጠመኔ ነጥብ ያደርጋል፣ የመነሻውን ጭረት ነጥቡ ላይ ያሳርፋል፣ ሳሕኑን በጎማው ጠርዝ ላይ እያሽከረከረ ሙሉ ዙሮችን ይቆጥራል፣ ወደ ነጥቡ ሲመለስ የተረፈችውን ክፋይ በጠቋሚው ይይዛል። ከላይ ባነሣሁት ጎማ ስድስት ሙሉ ዙርና ከአራት ጭረት ጥቂት የምታልፍ ትርፍ ይመጣለታል። ጠቋሚው ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ቁጥሩን በቃል መያዝ ወይም መጻፍ ሳያስፈልግ፣ ያንኑ መንኰራኩር በቀለበቱ ውስጥ አሽከርክሮ ከዚያው ቦታ ላይ ለመጭመቂያ የሚተወውን ልዩነት ይቀንሳል። ጭረት የሌላቸው ሳሕኖችም ብዙ ናቸው፣ ጎማና ቀለበት እርስ በርስ ለማነጻጸር አንድ የጠመኔ ነጥብ ይበቃልና።

ብረቱ ገና ሳይታጠፍ ሲቆረጥም አንድ የቆየ ልማድ ነበር፤ ከተለካው ዙሪያ ላይ የብረቱን ውፍረት ሦስት እጥፍ ይጨምሩ ነበር። ምክንያቱ ብረት ሲታጠፍ የውስጡ ገጽ ስለሚያጥርና የውጪው ስለሚረዝም፣ ርዝመቱ ሳይለወጥ የሚቀረው መካከለኛው ብቻ ነው፤ በሂሳብ ሲሰላ ጭማሪው ከውፍረቱ 3.14 እጥፍ ይሆናል። ፊደል ያልቆጠሩ ቀጥቃጮች በእጃቸው የደረሱበት ልክ ከስሌቱ ጋር ይህን ያህል መቀራረቡ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ጠርዙ ለስላሳና ከዝገት የጸዳ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በእንጨትና በብረት ላይ ሲንከባለል ኖሯል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም

ሁለተኛው ዕቃ በእኔ ሙያ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው፤ ፍሊም ይባላል፣ በዋናነት ከፈረስና ከከብት ደም ለማውጣት ያገለግል ነበር። ስለቱ ከጎን የወጣበት ምክንያት የአሠራሩን ሁኔታ ሲያውቁት ግልጽ ይሆናል። ሐኪሙ የፈረሱን የአንገት ደም ሥር ተጭኖ እንዲያብጥ ያደርግና፣ ሦስት ማዕዘኑን በደም ሥሩ አቅጣጫ አስተካክሎ ከቆዳው ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ የምላሱን ጀርባ በአጭር የእንጨት ዱላ አንድ ጊዜ መታ ያደርገዋል። ያዩዋቸው ጥቃቅን መደፍጠጦች ቀላል የሆኑት መምቻው እንጨት ስለነበር ነው። ስለቱ ጥልቀቱ የተወሰነ መሆኑ ደግሞ ምቱ ከሚገባው በላይ ቢጠነክር እንኳ የምላሱ አካል ቆዳው ላይ እንዲያርፍና ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያግዛል። ሦስት መጠን ያስፈለገው በእንስሳው ትልቅነትና በቆዳው ውፍረት ምክንያት ነው። ደሙ ከወጣ በኋላ የቁስሉ ከንፈሮች በመርፌ ተያይዘው በክር ወይም በጭራ ይጠመጠሙ ነበር።

ደም ማውጣት ለሰውም ለእንስሳም ለብዙ ሕመሞች ይታዘዝ የነበረ ሕክምና ነው። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ሉዊ የሕሙማንን ውጤት በቁጥር አነጻጽሮ ጥቅሙ ይነገርለት ከነበረው እጅግ ያነሰ መሆኑን ካሳየ በኋላ፣ ጥርጣሬው እየሰፋ ሄዶ ልማዱ በዚያው ክፍለ ዘመን ውስጥ ቀስ በቀስ ተዳከመ። ይህን የምጽፈው ዕቃው ሲታይ የጭካኔ መሣሪያ ሊመስል ስለሚችል ነው፤ የሚጠቀሙበት ሰዎች እንስሳውን ለማዳን ያስቡ ነበር። ምላሶቹ እስከ አሁን ስለት ሊኖራቸው ስለሚችል ሲዘረጉ ይጠንቀቁ።

መልስ፦ ካርታ አንባቢ

ስለ ክቡ ዕቃ የቀረበው ማብራሪያ አሳማኝ ነው፤ ሆኖም የመሬት ቀያሾችም ርቀት የሚለኩት በሚሽከረከር ጎማ ነበርና፣ ይህ የእነርሱ ሊሆን የማይችልበት ምክንያት አለ? ዘዴው እኮ እጅግ ጥንታዊ ነው፤ ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ርቀትን በጎማ ዙር የሚቆጥር መሣሪያ ገልጿል።

መልስ፦ መዝጋቢ

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱም ከመጠኑ ይገኛል። በእንግሊዝ ቀያሾች ዘንድ የተለመደው ጎማ ዙሪያው 8 ጫማ ከ3 ኢንች ነበር፤ ሁለት ዙር ሲሄድ የመሬት መለኪያ የሆነውን 16 ጫማ ተኩል ይሰጣል። ቀያሹ ቆሞ እየገፋ ስለሚሄድ እጀታው ወገብ መድረስ አለበት፣ ዙሩንም ሰው ሳይሆን በጥርስ የተያያዘ ቆጣሪ ይቆጥራል። በሁለት ጫማ ሳሕንና በአጭር እጀታ ማይሎችን መለካት አይቻልም። የካርታ ላይ መለኪያ ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ይህን አጋጣሚ ተጠቅሜ ስለ ቁጥር ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ሁለት የታወቁ ምሥጢራዊ ዕቃዎች የተለያዩት በዚሁ ነጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በግሪክ አንቲኪቴራ ደሴት አጠገብ ከሰጠመ መርከብ የወጣው የነሐስ ፍርስራሽ ለረዥም ጊዜ የማይፈታ ይመስል ነበር። በኋላ በራጅ ሲመረመር በውስጡ የነበሩት ጥርሳም መንኰራኩሮች ታዩ፤ ከነዚህ የአንዱ ጥርሶች 223 ሆነው ተገኙ፣ ይህም ግርዶሽ ተመልሶ የሚመጣበት የ223 የጨረቃ ወራት ዑደት ነው። ጥርሶቹ ሲቆጠሩ ዕቃው የሰማይ አካላትን ጉዞ የሚያሰላ መሆኑ ተረጋገጠ። በተቃራኒው በሮም ዘመን በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ተሠርተው የተገኙት አሥራ ሁለት ገጽ ያላቸው የመዳብ ቅይጥ ዕቃዎች ከመቶ በላይ ቢሆኑም፣ የመጀመሪያው በጽሑፍ ከተመዘገበ ከ1739 ጀምሮ እስከ ዛሬ አገልግሎታቸው አልታወቀም። በየገጹ ያለው ቀዳዳ ስፋት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፣ የዕቃዎቹም መጠን አንድ ወጥ አይደለም፣ ቁጥር አልተቀረጸባቸውም፣ ግልጽ የመበላት ምልክት የላቸውም፣ የዘመኑ ጸሐፊዎችም አላነሷቸውም። ርቀት መለኪያ፣ የሻማ ማስቀመጫ፣ የሹራብ መሥሪያ እየተባለ ሲገመት ኖሯል፤ ማንኛቸውንም ለማጽናት ወይም ለመሻር የሚያስችል ነገር በዕቃው ላይ የለም። አንድ ሰው በዚህ ዕቃ ሹራብ ሠርቶ ቢያሳይ፣ ያሳየው ሊሠራበት እንደሚችል ነው እንጂ ለዚያ መሠራቱን አይደለም።

ዘመኑን በተመለከተ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ «ካስት ስቲል» የሚለው ማኅተም ጥሩ መነሻ ነው። ቤንጃሚን ሃንትስማን በእንግሊዝ ሼፊልድ አካባቢ ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ የማጥራት ዘዴውን ያዳበረው በ1740ዎቹ ነው፣ ስለዚህ ፍሊሙ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው፤ ማኅተሙ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስላገለገለ ግን የመጨረሻ ዘመኑን አይወስንልንም። በሌሎቹ መሣሪያዎችዎ ላይ ደግሞ ሌላ ፍንጭ ሊገኝ ይችላል። የአሜሪካ የፈጠራ መብት ቁጥሮች የአሁኑ ቅደም ተከተል በ1836 ጀምሮ በ1911 አንድ ሚሊዮን ስለደረሰ፣ በብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ከየትኛው ዓመት በፊት ሊሠራ እንደማይችል ያሳውቃል። በእንግሊዝ ዕቃዎች ላይ የሚታየው የአልማዝ ቅርጽ ያለው የንድፍ ምዝገባ ምልክት ከ1842 እስከ 1883 ያገለገለ ነው። ባለ መስቀል ጭንቅላት ብሎን ካገኙ ቢያንስ ብሎኑ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠራ ነው፤ ብሎን ግን በጥገና ጊዜ ስለሚለወጥ ዕቃው በሙሉ ከዚያ ወዲህ ነው ለማለት አያስደፍርም።

ምላሽ፦ የሣጥኑ ወራሽ

ሜትር ዘርግቼ ክቡን በጎኑ አንከባለልኩት፤ ከረዥሙ ጭረት ተነሥቶ እንደገና በረዥሙ ጭረት ሲያርፍ 61 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ከዚያም በአንድ ክብ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አሽከርክሬ ያገኘሁትን በገመድ ከለካሁት ጋር ሳስተያይ የክቡ ልኬት ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት መጣ፣ የገመዱ ግን ተለያየ። ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄዬ፣ ናሱን ላወልውለው ወይ? በሣጥኑ ላይስ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ መዝጋቢ

ናሱን አይወልውሉት፤ መወልወያ ቅባት ናሱን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየላጠ ማኅተሙን ያደበዝዛል፣ በመገጣጠሚያው የሚቀረው ነጭ ዝቃጭም ብረቱን ይበላዋል። ሁለቱንም ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፣ የብረቱን ክፍል በስሱ ዘይት ይቀቡ፣ ሲይዟቸው ጓንት ቢያደርጉ የጣት ላብ ዝገት አያመጣም።

ለእያንዳንዱ ዕቃ በሚያዘጋጁት ካርድ ላይ በመጀመሪያ የለኩትንና ያዩትን ብቻ ይጻፉ፦ ዲያሜትር 194 ሚሊ ሜትር፣ 24 ጭረት፣ ተንቀሳቃሽ ጠቋሚ፣ ጠርዙ በአጠቃቀም የለሰለሰ። ከሥሩ በተለየ መስመር የተደረሰበትን መለያና ምክንያቱን ያስፍሩ። ከማን እንደወረሱትና ከየትኞቹ መሣሪያዎች ጋር አብሮ እንደተገኘም ይመዝግቡ፤ በተለይ የጎማ ሥራ መሮዎችና የፈረስ ጫማ መሣሪያዎች በዚያው ሣጥን ውስጥ ካሉ፣ የሣጥኑ የመጀመሪያ ባለቤት ጎማ የሚያስርና ፈረስ የሚያክም ቀጥቃጭ ሊሆን ይችላልና ዕቃዎቹን ሳይበታትኑ በአንድነት ያቆዩዋቸው።